ከሻርፑ ጫፍ ሁለት ጣት

የሐሙስ ትምህርቷን ልታስተምር ኦስሎ፣ ፕሪንስዳል ካለው የአቶ አለባቸው ቤት የደረሰችው እታገኘሁ፣ ጫማዋን በራፉ ላይ አውልቃ ስታበቃ፣ ማክሰኞ በጥድፊያ ረስታው የሄደችውን ሻርፕ ከመስቀያው ላይ አወረደች። ሻርፑ አልጠፋም። የጎደለው ጫፉ ነው። ከግራጫው ሱፍ አንድ ማዕዘን ላይ ሁለት ጣት ያህል በመቀስ ተቆርጧል፤ ቀጥ ብሎ፣ ልብስ ሰፊ ለናሙና እንደሚወስደው።

ኖርዌያዊ ቢያየው በር ይዞ ቀደደው ይል ይሆናል። እታገኘሁ ግን ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት፣ በዚያ ላይ የቀጥቃጭ ልጅ ናት። የተቆረጠ የልብስ ጫፍ ምን ማለት እንደሆነ ፊደል ሳትቆጥር ነው የተማረችው። በአገሯ ልጅ ሲታመምና የቀጥቃጭ ዘር በአቅራቢያው ሲኖር፣ ከዘመድ አንዱ ተደብቆ ይመጣና ከዚያ ሰው ልብስ ትንሽ ይቆርጣል። ቁራጩ ፍም ላይ ይጣልና በሽተኛው ይታጠንበታል። ያን ጊዜ «እገሌ ነው የበላኝ» ብሎ ይለፈልፋል፤ ስሙ የተጠራው ቡዳም ይለቀዋል ይባላል። እናቷ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር የቀሚሷን ጠርዝ ገልበጥ አድርጋ እያየች፣ «ዘንድሮም ሰው ታሟል መሰለኝ፤ ቀሚሴ አጠረ» ትል ነበር። እናቷ ስትለው ያስቃል።

መተላለፊያው ውስጥ ቆማ እሷም ልትስቅበት ሞከረች። አልመጣላትም። ሻርፑን የሰጣት እዚያው ቤት የሚኖረው ተስፋዬ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ መሆኗንም በዚያ ቤት ከተስፋዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

*

ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009፣ በነሐሴ መጨረሻ ነው። የዚያን ዓመት የኦስሎ ልጃገረድ ሁሉ በቫምፒር ተለክፋ ነበር። ደም የሚጠጣ፣ ፀሐይ የማይወድ፣ መልኩ ግን የሚያሳሳ ጎረምሳ በየመጽሐፉና በየሲኒማው ሞልቷል። የአቶ አለባቸው ልጅ ዮሐናም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ከተለከፉት አንዷ ሆነች። ጥፍሯን ጥቁር ቀባች፣ የመኝታ ክፍሏን መጋረጃ ዘጋች፣ አንገቷ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ ሁለት ነጥብ እያሳረፈች ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። የጎረቤት ኖርዌያውያን እናቶች ይህን አይተው «ያልፋል» ይላሉ። እናቷ ወይዘሮ ሙሉ ግን አንገቷን የተነከሰች ልጅ በቤታቸው ስትዞር አይተው «ያልፋል» የሚሉ ሴት አይደሉም።

አቶ አለባቸው የባሕር ሰርጡን፣ ፊዮርዱን፣ ቁልቁል የሚያይ ቤት ያላቸው የጽዳት ድርጅት ባለቤት ናቸው። ከኦስሎ ሐበሻ ግማሹ ለእሳቸው ሠርቷል፣ ግማሹ ደግሞ ሊሠራላቸው ማመልከቻ አስገብቷል። ቤቱ ያልተሟላለት ነገር ቢኖር አማርኛ የምታነብ ልጅ ናት። ስለዚህ ወይዘሮ ሙሉ አስተማሪ ፈለጉ፤ ፊደል የምታስቆጥር፣ ጸሎት የምታስጠና፣ በዚያው መጋረጃውን የምታስከፍት። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸውም «ሞግዚት እንዳይመስላችሁ፣ የቤት አስተማሪ ናት» እያሉ አስቀድመው አወሩ።

እታገኘሁ አገሯ ስድስት ዓመት ያስተማረች፣ ኦስሎ ከመጣች ወዲህ ግን ቢሮ ስትወለውል የቆየች ሴት ናት። ለቃለ መጠይቅ የቀረበችው ሳሎን ውስጥ፣ ነጭ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አገርሽ የት ነው?» አሉ ወይዘሮ ሙሉ።

«ሸዋ ነው። ከደብረ ብርሃን ወዲያ።»

«አባትሽስ ምን ይሠራሉ?»

«ብረት ይሠራሉ።»

«ብረታ ብረት። ደግ ነው» አሉ፣ ፋብሪካ መስሏቸው። እታገኘሁም አላረመቻቸውም። በአስተማሪነት ዘመኗ አይታ ሳታርም ያለፈችው ስህተት ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዮሐናን በዳዊት ልጀምርላት ብትል ልጅቷ አዛጋች። በተረት ብትሞክር ስልኳን አወጣች። በሦስተኛው ቀን እታገኘሁ ደብተር ገዝታ መጣችና «በይ የቫምፒር ታሪክ ጻፊልኝ፤ በአማርኛ ግን» አለቻት።

«ቫምፒር በአማርኛ ምንድነው?»

«ደም መጣጭ።»

«ናይ፣ አይሆንም፣ ይሄማ አያምርም። ቫምፒር ይሻላል።»

«ይሁንልሽ። በፊደል ጻፊው እንጂ በስሙ አንጣላም።»

በጥቅምት ታሪኩ ስድስት ገጽ ደረሰ። ዮሐና ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ሩቅ ሄዳ አልፈለገቻትም። «እታጉ ፕሪንስዳል ትመጣለች። እታጉ ቀን አስተማሪ ናት። ማታ ደሜን ትጠጣለች። እኔ ነጭ ሆንኩ።» እታገኘሁ እየሳቀች በቀይ አረመችውና ከሥሩ «ጎበዝ። አራት ነጥብ አትርሺ» ብላ ጻፈችበት።

ተስፋዬ የአቶ አለባቸው ታናሽ ወንድም ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የድርጅቱን መኪና እየነዳ ሠራተኛና መሣሪያ ያደርሳል፣ የሚኖረውም በወንድሙ ቤት ታችኛው ፎቅ ነው። ዝምተኛ ነው። እታገኘሁ በምትመጣበት ቀን ሁሉ ግን መተላለፊያው ውስጥ መሰላል ላይ ይገኛል። በዚያ መኸር የመተላለፊያው አምፖል አራት ጊዜ ተቀየረ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቃጠል። እሷ ከሥር ቀና ብላ «አሁንም ጠፋ?» ትለዋለች። እሱ ከላይ «ይኸው ሊጠፋ ሲል ደረስኩ» ይላታል። ከዚያ በላይ አይነጋገሩም ነበር፤ መሰላሉ ግን ወደ በሩ እየቀረበ መጣ።

አንድ ቀን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛት። ነፋስ ነበር። እዚያ ቆመው ነው ሳይጠይቃት የነገረችው። «አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ጠይብ የሚሉን እኛን ነው። ቡዳ የሚሉንም እኛን ነው። በኋላ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።»

አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። ከዚያ ተስፋዬ «እናንተ ማረሻ ባትሠሩ የኔ አባት በጥርሱ ሊያርስ ነበር?» አላት።

በሳምንቱ ሻርፑን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። «ያን ቀን በርዶሽ ነበር» አለ፣ ዓይኑን አምፖሉ ላይ አድርጎ። ወደ ቤቷ ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሙቀት ነበረ፤ እሷ ግን ሻርፑን አላወለቀችም።

*

ፎይሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰኞ ዕለት እንደ ወትሮው ከዮሐና ጋር ለእራት ስትቀርብ፣ ሳህኑ ሁሉ በአልሙኒየም ፎይል ተሸፍኖ ጠበቃት። ዮሐና የምትጎርሰውን በፎይሉ ሥር እጇን እየሰደደች ታወጣለች።

«እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው» አሉ ወይዘሮ ሙሉ፣ ሰላጣውን እየሸፈኑ።

በማግስቱ ማክሰኞ ዮሐና በስፖርት ክፍለ ጊዜ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እታገኘሁ ስትደርስ ሻርፗን ሰቅላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ዛሬ ትምህርት የለም፣ ልጅቷ ታማለች» ተብላ ተመለሰች።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት በሩን የከፈተችላት ዮሐና ራሷ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ወሬዋ ግን ደኅና ነው። «እታጉ፣ ማማ ጸበል ልታመጣ ሄዳለች። ማክሰኞ ምን እንደሆነ ብነግርሽ አታምኚም።»

«ንገሪኝ» አለች እታገኘሁ፣ ሻርፑን እንደያዘች።

«ሶፋ ላይ ተኝቼ ማማ ከሻርፕሽ ቁራጭ ድስት ውስጥ አቃጠለችና ጭሱን አፍንጫዬ ላይ አደረገችው። ‘ማን በላሽ? ማን በላሽ?’ ትለኛለች። ቫምፒሩን የጠየቀችኝ መሰለኝ። ከዚህ በፊት ስለ ቫምፒር ጠይቃኝ አታውቅም፤ ደስ አለኝ። ‘እታጉ ናት፣ ደሜን ትጠጣለች’ አልኳት። ልክ እንደ ደብተራችን። ከዚያ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ላይ ቤት፣ ታች ቤት፣ ሁሉም ጮኸ። ጎረቤታችን በካልሲው መጣ። ማማ ‘ዓሣ ነው’ አለችው።»

ሌላ ቀን ቢሆን እታገኘሁ በሳቅ ትሞት ነበር። «ሻርፑን ማን ቆረጠው?» አለች።

«ተስፋዬ። በኔ መቀስ።» ልጅቷ እንዲያው ስለ መቀሱ እንደሚያወሩ ሁሉ ቀለል አድርጋ ነው ያለችው።

እታገኘሁ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዮሐና አጠገቧ ቁጭ ብላ በብጣሽ ወረቀት የጻፈችውን የሚቀጥለውን ምዕራፍ ልታሳያት ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ከወረቀቱ በፊት ጠረን ወጣ። በቅባት ወረቀት የተጠቀለሉ አራት የምሳ ጥቅሎች፣ ኖርዌዮቹ ማትፓከ የሚሉት፣ እንደተቋጠሩ ሻግተዋል።

«ይሄ ምንድነው ዮሐና?»

«ቫምፒር ምሳ አይበላም» አለች ልጅቷ። «እራትም ብዙ አይበላም።»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ሙሉ ሁለት የጸበል ጠርሙስ ይዘው ገቡ። እታገኘሁን ሲያዩ ጠርሙሶቹን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉ።

«መጣሽ?»

«ሐሙስ ነው እትዬ ሙሉ።»

ወይዘሮ ሙሉ ወጥ ቤት ገብተው ደብተሩን አመጡና ገልጠው አቀረቡላት። «ይሄ ምንድነው?»

«የጽሑፍ ልምምድ ነው።»

«በቀይ አርመሽዋል።»

«ስህተት ነበረው።»

«ልጄ ‘ደሜን ትጠጣለች’ ብላ ስትጽፍብሽ አንቺ አራት ነጥብ ትጨምሪያለሽ?»

«አስተማሪ አይደለሁ እትዬ ሙሉ? ለዚያ ነው የቀጠሩኝ።»

ወይዘሮ ሙሉ ደብተሩን ዘጉት። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልጅሽ እንደ ጨርቅ ስትወድቅ አይተሽ ቢሆን ይገባሽ ነበር። የአባትሽን ነገር ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብረት ይሠራሉ አልኩዎት። ምን ዓይነት ብረት ብለው አልጠየቁኝም።» እታገኘሁ አራቱን ጥቅሎች ከቦርሳው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። «ልጅቷ አትበላም። ሐኪም ደሟን ይይላት። ዛሬውኑ ይደውሉ፤ የኔን ነገር በኋላ ይደርሱበታል።»

ስትወጣ የተስፋዬ የሥራ ጫማ በራፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከዮሐና ደብተር ግማሽ ገጽ ቀድዳ ጻፈች። «ቀሪውንም ውሰደው። ሌላ ቀን ልጅ ሲታመምባችሁ ይሆናችኋል።» ሻርፑን አጣጥፋ ጫማው ላይ አኖረች፣ ወረቀቱን ከላዩ። ወደ ማቆሚያው ስትሄድ ነፋሱ አንገቷን አገኘው። እውነትም ያን ቀን በርዷት እንደነበር ያወቀችው አሁን ነው።

*

እታገኘሁ የምትኖረው ቶየን የሚባል የኦስሎ ሰፈር ነው፤ ገኒት የሚባሉ ከሆስፒታል ጽዳት ጡረታ የወጡ ኤርትራዊት ቤት፣ አንድ ክፍል ይዛ። ሦስት ዓመት ሆኗታል። ገኒት ወሬውን የሰሙት ከእሷ አይደለም። ከአትክልት ሱቁ ነው፤ የቶየን አትክልት ሱቅ የማያውቀው ነገር የለም።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ እንዲህ ነሽ እንዴ?» አሏት ሽንኩርት እየላጡ። «ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር እኔን ለምን አልበላሽኝም?»

«አጥንት ነዎት።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ገኒት፣ ክንዳቸውን እያዩ። ከዚያ ቢላውን አስቀመጡ። «ልጁ ይደውላል?»

«ይደውላል።»

«ታነሻለሽ?»

«አላነሳም።»

ገኒት የተላጠውን ሽንኩርት ወደ እሷ ገፋ አደረጉላትና «በይ እሱን ክተፊ፤ ማልቀስሽ ካልቀረ ሥራ ይሁንበት» አሏት።

በሳምንቱ ዓርብ ፖስታ መጣ። እታገኘሁ ከሕንፃው ሥር ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረደች፤ ያ ሰዓት የእሷ ተራ ነበርና ማንም አይመጣም። ማሽኑን አስነስታ፣ ጀርባዋን አስደግፋ ከፈተችው። ገና ስትከፍተው አንዲት ሰማያዊ ጨርቅ ጭኗ ላይ ወደቀች። ሁለት ጣት ስፋት ነበራት።

«እታገኘሁ» ይላል ደብዳቤው፤

«ስልክ ስለማታነሺ ጻፍኩ። ሻርፑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም። እትዬ ሙሉ ‘ካላመንክበት ቁረጠውና ይቅር፤ ምን ትጎዳለህ’ አሉኝ። ልጅቷ ሶፋው ላይ ነጭ ሆና ተኝታ ነበር። ቆረጥኩት።

የአባትሽንም ሥራ ለጋሼ አለባቸው የነገርኩት እኔ ነኝ። ላማሽ ብዬ አይደለም። ሽማግሌ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ሽማግሌ የማን ልጅ ናት ሳይባል አይላክም። መጀመሪያ ላንቺ መንገር ነበረብኝ፤ መሰላል ላይ ሆኜ የሚነገር አልመስል ብሎኝ ነው።

ዮሐናን ሐኪም አያት። ብረት ጎድሏታል ተባለ። አስቢው፣ በዚያ ቤት ብረት ጎደለ። ኪኒን ጀምራለች፣ ትበላለችም። እትዬ ሙሉ ያዳናት ጸበሉ ነው ይላሉ። ጋሼ ግን ሐኪሙን ሰምቶም ሽማግሌ አልልክም አለ። ከቤቱ ወጥቻለሁ። ግሩነርሎካ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ሶፋ ላይ ነኝ።

ቁራጩ ከጃኬቴ ጫፍ ነው። አንቺን ያሳመምኩሽ እኔ ነኝና ታጠኚበት። ስሜን ጠርተሽ ልቀቀኝ ብትዪ እለቅሻለሁ፣ ደግሜ አልደውልም። ካልታጠንሽበት ግን ቅዳሜ እኩለ ቀን ቶየን አደባባይ፣ ባቡር መውረጃው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ነኝ። ምሳዬን እዚያ ነው የምበላው።

ተስፋዬ።»

ሁለት የሆሄ ስህተት ነበረው። አላረመችውም። ማሽኑ ውሃውን ጨምቆ ጨምቆ እስኪቆም ድረስ ጨርቋን በመዳፏ ይዛ ቆየች። አዲስ ጨርቅ አልነበረም፤ የሳሙናና የሰው ጠረን ነበረው።

ወደ ላይ ስትወጣ ገኒት ዓይኗን አይተው «ምን ይላል?» አሏት።

«ታጠኚበት ይላል።»

«እዚህ ቤት?» ገኒት ጣሪያው ላይ የተለጠፈችውን ነጭ ማስጠንቀቂያ አመለከቱ። «ጓለይ፣ ዳቦ ሲያርርብን እንኳ አሥራ ሁለቱ ፎቅ በፒጃማ ይወርዳል። ካስፈለገሽ ሰውየውን እዚያው ውጭ ሄደሽ አጭሽው።»

*

ቅዳሜ ከዝናብ የወፈረ፣ ከበረዶ የቀጠነ ነገር ይዘንባል። አደባባዩ ሰው ሞልቶታል፤ ቅዳሜ የኦስሎ ሐበሻ ቃሪያና ሎሚ የሚገዛው ቶየን ነው። ተስፋዬ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሰማያዊ የሥራ ጃኬቱ ከግራ ጠርዙ ተቆርጦ፣ ነጩ ሙሌት ወጥቶ ይታያል። ሲያያት ተነሳ።

«መጣሽ።»

«ሳሙና ልገዛ ነው የወጣሁት» አለችና በአግዳሚው ሌላ ጫፍ ተቀመጠች። በመካከላቸው ሁለት ሰው የሚይዝ ቦታ ነበር።

እታገኘሁ ደብዳቤው የመለሰውን ጥያቄ ደግማ ጠየቀችው፤ አንዳንዱ መልስ ከአፍ ካልተሰማ አይቆጠርም። «ለምን ቆረጥከው?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

ተስፋዬ ባቡር መውረጃውን አየ፣ እጁን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ። «ለአንድ ደቂቃ» አለ። «አዎ።»

ውሸት ቢነግራት ይሻላት ነበር ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ አይሻለኝም አለች በልቧ። «ያችን አንድ ደቂቃ ምን ላድርጋት?»

«አላውቅም። እኔም አሥራ አንድ ቀን ይዣት ዞርኩ። የት እንደምትጣል አላገኘሁም።»

ከጃኬቱ ኪስ በቅባት ወረቀት የተጠቀለለ ምሳ አወጣ። ጥቅሉ ጠማማ ነው፤ የልጅ እጅ ያረፈበት ያስታውቃል። «ዮሐና ናት የሠራችው፤ ቀሪ ዕቃዬን ልወስድ ስሄድ ሰጠችኝ። የጉበት ቅባት ነው፤ አሁን ቤቱን ሁሉ ጉበት እየመገበች ነው።» ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋው። አራት ቁራጭ ዳቦ፣ ቡናማ ቅባት፣ ከላዩ ኪያር። «ልበላ ነው» አለ። «እያየሽኝ መብላት እፈልጋለሁ።»

እታገኘሁ ነገሩ ስለገባት ፊቷን አዞረች። ደግሞም ልማዷ ነው። ትምህርት ቤት እያለች ልጆቹ ቆሏቸውን የሚበሉት ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነበር። መምህርት ሆና እንኳ ባልደረቦቿ ምሳቸውን ሲፈቱ እሷ መስኮት ታያለች። ሰው ሲበላ ሌላ ቦታ ማየት ከትህትና ቆጥራው ኖራለች፤ ማንም ሳያዛት፣ ሁሉም ደስ እያለው።

«ወደዚህ እይ» አለ ተስፋዬ። «እባክሽ።»

አየችው።

ሰው ሲበላ እንዲህ ነው ለካ። ዳቦው ትልቅ ነው፣ አጎራረሱም አያምርም። ጉንጩ ይነፋል፣ ጆሮው አጠገብ ያለችው ጅማት ትንቀሳቀሳለች፣ ኪያሩ ሲሰበር ይሰማል። አትክልት ሱቁ በር ላይ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፌስታላቸውን ይዘው ቆሙ። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ነካች። ተስፋዬ አይቷቸዋል። ሁለተኛውን ዳቦ አነሳ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ከፍ አድርጎ ይዞ ጎረሰው።

ምናልባት መቸኮሉ ነው፣ ምናልባት የሰዎቹ ዓይን ነው፣ ዳቦው ትን አለው።

ሳለ። ደግሞ ሳለ። ፊቱ ደም መሰለ። ከሱቁ በር «በስመ አብ» የሚል ድምፅ መጣ። እታገኘሁ ደርቃ ቀረች። ይህን ጊዜ ታውቀዋለች። በአጠገቧ ሰው ሲያስለው ከሳሉ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ዓይኑ ወደ እሷ ይዞራል። ከዚያ የሚናገረው ምንም ቢሆን ዓይኑ ተናግሮ ጨርሷል። እንግዲህ ያ አንድ ደቂቃ ከመጣ አሁን ነው የሚመጣው።

የተስፋዬ ዓይን ዞረ። እንባ ሞልቶታል። አያት፣ በእጁም ወደ ጀርባው አመለከተ። ምቺኝ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ የሚል፣ የተናደደ ዓይን ነበር። ሌላ ነገር የለበትም። ፈልጋ አጣችበት።

በመካከላቸው ያለውን ቦታ እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። በመዳፏ ጀርባውን መታችው፤ የቀጥቃጭ ልጅ ክንድ ነውና አንዱ በቃው። ቁራሹ ወጣ። ተስፋዬ ትንፋሹ ሲመለስ «ያባትሽ መዶሻ ነው እንዴ?» አላት።

«ቀስ በል አንተ» አለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እሷም አልለየችውም። «እዚህ መካከል ሞተህ ስሜን ልታጠፋብኝ ነው? እነሱ ምስክር ናቸው፣ እኔ ደግሞ ምን እላለሁ? ኪያር ነው ልበል?»

«ዓሣ ነው በይ።»

ሁለቱ ሴቶች እነዚህ ሲስቁ ባዩ ጊዜ ተያዩና ሎሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

ተስፋዬ ሦስተኛውን ዳቦ ቀስ ብሎ በላ። እሷ ፊቷን ሳታዞር አየችው። አራተኛውን ሲያነሳ ግን ከሁለት ገምሶ ሰጣትና፣ ጎን ለጎን ሆነው አላመጡት። ጉበት አትወድም ነበር። አልነገረችውም።

«ታጠንሽበት?» አላት ኋላ፣ ወረቀቱን እያጣጠፈ።

እታገኘሁ ከቦርሳዋ ሰማያዊዋን ቁራጭ አወጣች። በቁራጩ ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ ጥቁር ክርም ተጠምጥሞበታል። «የገኒት ቤት ማስጠንቀቂያ ኃይለኛ ነው» አለች። «ና ዙር። እየበረደህ ነው።»

ጃኬቱን እንደለበሰ ጠርዙን ይዛ መስፋት ጀመረች። ጣቷ ደንዝዟል፤ ስፌቱም ሰልፍ አልያዘም። ተስፋዬ እንዳይነቃነቅ ትንፋሹን ይዞ ቁልቁል አናቷን ያያል፤ ስንት ቀን ከመሰላል ላይ ያየውን አናት። ዛሬ ግን ቅርብ ነው።

«ጋሼ እሺ ላይል ይችላል» አላት። «እትዬ ሙሉም ፎይሉን አያነሱ ይሆናል።»

«አውቃለሁ።»

«ዮሐና ግን ‘ማክሰኞ ትምጣ’ ብላለች። አንድ ምዕራፍ ቀርቷታል።»

«ሰላጣው ሳይሸፈን ከሆነ እመጣለሁ በላት። ከተሸፈነ እሷ ቶየን ትምጣ። ለእናቷም እንደዚያው ንገራቸው፣ ቃል ሳትቀንስ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ስፌቱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። «ያንተ ተመለሰ።»

ተስፋዬ ከውስጥ ኪሱ ግራጫውን ሻርፕ አወጣ። አጣጥፎታል፤ ዘጠኝ ቀን ከደረቱ ጋር ስለከረመ ሞቋል። የተቆረጠውን ማዕዘን በጣቱ ዳሰሰው። «ይሄስ?»

«የኔ ተቃጥሏል» አለች እታገኘሁ። «እሱ አይሰፋም።»

«አውቃለሁ» አለ።

ደግ ነገር ሊጨምርበት አልሞከረም። ለዚያ አመሰገነችው፣ በልቧ።

ሻርፑን ተቀብላ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች፤ እናቷ የቀሚሷን ጠርዝ እንደምታጥፈው። ትንሽ አሰበችና ወደ ውጭ፣ ደረቷ ላይ፣ ሰው በሚያየው በኩል ጣለችው። ከዚያ እጇን ተስፋዬ ኪስ ውስጥ ከተተች። ሞቃት ነበር፤ የዳቦ ፍርፋሪም ነበረበት።